የባሕርና የየብስ ጭነት መድን፤ ስለ ጉዳት መከላከልና ስለ ካሣ አጠያየቅ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ጎንደር ከባሕር የራቀች ከተማ ናት፤ ንግዷ ግን ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ተለይቶ አያውቅም። በነገሥታቱ ዘመን የጎንደር ነጋዴዎች ወርቁን፣ ዝባዱንና የዝኆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭነው በቅፍለት ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር፤ በሌላም በኩል በመተማ አድርገው ወደ ሱዳን ይዘልቁ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ለብቻው አይጓዝም ነበር። ሽፍታው፣ የሞላው ወንዝና የከብቱ በሽታ ብቻውን የወጣውን ሰው በአንድ ቀን ባዶ እጁን ሊያስቀሩት ስለሚችሉ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ተሰብስቦ መጓዝን ይመርጥ ነበር።

ዛሬ ቅፍለቱ ቀርቶ ኮንቴይነር፣ በቅሎው ቀርቶ ተሳቢ መኪና ተተክቷል። ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ይወርድና ወይ በባቡርና በመኪና በሞጆ በኩል፣ ወይም በጋላፊና በሚሌ አድርጎ በወልዲያ፣ በደብረ ታቦርና በወረታ በኩል ወደ ከተማችን ይደርሳል። የመተማና የቋራ ሰሊጥ፣ የደንቢያም ሽንብራ በበኩላቸው ይህን ረጅም መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር አንድ አደጋ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ነጋዴ የሆነ ሁሉ የጭነት መድን ምን እንደሚሸፍን፣ ምን እንደማይሸፍን፣ ጉዳትም በደረሰ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ብዙ ሰው የመድን ውሉን የሚያነበው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንበብ ግን ለኀዘን እንጂ ለጥቅም አይሆንም።

፩ኛ፤ የመድን አመጣጥ

መድን ማለት አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን የጉዳት ሸክም፣ ተመሳሳይ አደጋ ለሚያሠጋቸው ለብዙ ሰዎች ማካፈል ማለት ነው። ነጋዴው ዐረቦን የሚባለውን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ መድን ሰጪው ኩባንያ ደግሞ ከብዙዎች ከሰበሰበው ገንዘብ ጉዳት ለደረሰበት ለጥቂቱ ካሣ ይከፍላል። በዕድርና በዕቁብ ላደገ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ዕድር በመተዛዘን የሚሠራ ሲሆን መድን በተጻፈ ውል የሚሠራ መሆኑ ነው፤ በውሉ ያልተጻፈውን አዛኝነት አይጨምረውም።

በዓለም ገበያ የታወቀው የሎይድ የመድን ማኅበር የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤድዋርድ ሎይድ የተባለ ሰው በሎንዶን በከፈተው የቡና ቤት ውስጥ ነው። የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች ቡና እየጠጡ የመርከቦችን ወሬ ይለዋወጡና በዚያው የጉዳት ዋስትና ይዋዋሉ ነበር።

በአገራችን በ1905 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን መስጠት ጀመረ። በ1951 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ኢምፔሪያል የኢንሹራንስ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ሁሉ የመንግሥት ሀብት ከሆኑ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥራውን ጀመረ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 86 መሠረት ለግል ኩባንያዎች በሩ ተከፈተ። የሕጉን መሠረት የምናገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጡት በባሕር ሕግና በንግድ ሕግ ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም፣ በ1952ቱ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የመድን ክፍል አልተሻረም።

፪ኛ፤ አደጋው የማን ነው?

መድን ከመግባት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚከስረው ማን ነው? የሚለው ነው። ይህንንም የሚወስነው የሽያጩ ውል ነው። በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ከ1936 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ኢንኮተርምስ በሚል ስም የሽያጭ ውል ቃላትን ትርጉም እያወጣና እያሻሻለ ይገኛል።

ኤፍ ኦ ቢ በሚባለው ውል አደጋው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚተላለፈው ዕቃው በመርከቡ ላይ በተጫነ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሰሊጡን በኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ የሸጠ የጎንደር ነጋዴ፣ ከመጋዘኑ አንሥቶ ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለው አደጋ ሁሉ የራሱ ነው። የውጭው ገዢ መድን ገብቻለሁ ቢለውም፣ ያ መድን ለገዢው እንጂ ለእርሱ አይጠቅመውም። ተሳቢው በመንገድ ላይ ቢገለበጥ ወይም ጭነቱ ወደብ ላይ ቢዘረፍ ኪሳራው በሻጩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ላኪ ነጋዴ ለየብሱ ጉዞና ለወደቡ ቆይታ የራሱን መድን መግባት ይኖርበታል።

ሲ አይ ኤፍ በሚባለው ውል ሻጩ የመርከቡን ኪራይና የመድኑን ዐረቦን ይከፍላል፤ አደጋው ግን አሁንም ዕቃው መርከብ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ የገዢው ነው። ብዙ አስመጪዎች በዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሻጩ የመግባት ግዴታ ያለበት ዝቅተኛውን መድን ብቻ ነው፤ ሰፊ መድን የሚፈልግ ገዢ በሽያጩ ውል ላይ አስቀድሞ በግልጥ ማስጻፍ አለበት።

፫ኛ፤ ሦስቱ የውል ዓይነቶች

በአገራችን መድን ሰጪዎች ዘንድ ለባሕር ጭነት የተለመዱት የሎንዶን ገበያ የውል ቃላት ናቸው። እነዚህም በ1982 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ወጥተው በ2009 የተሻሻሉ ሲሆኑ፣ በሦስት ፊደሎች ይታወቃሉ።

ሲ የሚባለው ጠባቡ ነው። ይህም የሚሸፍነው ታላላቆቹን አደጋዎች ማለትም እሳትን፣ ፍንዳታን፣ የመርከብን መስጠም፣ መሬት መንካትና ግጭት፣ የመኪናን መገልበጥ ወይም የባቡርን ከሐዲድ መውጣት፣ መርከቡን ለማዳን ሲባል ወደ ባሕር የተጣለን ዕቃ የመሳሰሉትን ነው።

ቢ የሚባለው በዚህ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥንና መብረቅን፣ ወደ መርከቡ ወይም ወደ ኮንቴይነሩ የገባን የባሕር ውሃ፣ በማዕበል የተወሰደን ዕቃ፣ ሲጫንና ሲራገፍ ወድቆ ፈጽሞ የጠፋን እሽግ ይጨምራል።

ኤ የሚባለው ሰፊው ነው። በውሉ ተለይተው ከተከለከሉት በቀር በድንገት የሚደርሰውን መጥፋትና መጎዳት ሁሉ ይሸፍናል። አንባቢያችን ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ስርቆት የሚሸፈነው በኤ ውል እንጂ በቢና በሲ አለመሆኑን ነው። የሱቅ ዕቃ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የመኪና መለዋወጫና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው በዐረቦኑ ጥቂት ለመቆጠብ ሲል ሲን ቢመርጥ፣ እጅግ የሚያሠጋውን አደጋ ያለ ዋስትና ትቶታል ማለት ነው።

፬ኛ፤ ሰፊውም ውል ቢሆን የማይሸፍነው

ሁሉንም አደጋ የሚሸፍን ነው የተባለው ውል እንኳ የሚከተሉትን አይከፍልም። አንደኛ፣ መድን ገቢው ራሱ ሆን ብሎ ያደረሰውን ጉዳት፤ ሁለተኛ፣ በተለመደው ጉዞ የሚደርሰውን የክብደት መቀነስና መፍሰስ፤ ሦስተኛ፣ ለጉዞው በማይበቃ አስተሻሸግ የመጣን ጉዳት፤ አራተኛ፣ ከዕቃው ከራሱ ጠባይ የሚነሣን ብልሽት፤ አምስተኛ፣ በመዘግየት ምክንያት የመጣን ኪሳራ፤ ስድስተኛ፣ ጦርነትንና የሥራ ማቆም አድማን፤ እነዚህ ሁለቱ ለብቻ ተጨማሪ ዐረቦን ተከፍሎባቸው ካልገቡ በቀር።

ከእነዚህ ውስጥ ለአካባቢያችን ላኪዎች እጅግ የሚያስፈልገው አራተኛው ነው። በዓለም ገበያ የሁመራ ጎንደር እየተባለ የሚታወቀው ነጭ ሰሊጥ በደንብ ሳይደርቅ ተጭኖ በኮንቴይነር ውስጥ ቢሞቅና ቢሻግት፣ መድን ሰጪው «ይህ ከዕቃው ጠባይ የመጣ ነው» ብሎ ካሣውን ሊከለክል ይችላል። እንግዲህ ከመጫኑ በፊት የእርጥበቱን መጠን አስለክቶ የምስክር ወረቀት መያዝ ለጥራት ብቻ ሳይሆን ለካሣም ማስረጃ ይሆናል።

መድን ገቢውም የቅን ልቡና ግዴታ አለበት። የዕቃውን ዓይነት፣ አሮጌ ወይም አዲስ መሆኑን፣ አስተሻሸጉንና የጉዞውን መስመር በእውነት ሳይደብቅ መናገር አለበት። ያገለገለን መኪና አዲስ ነው ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ውሉ ራሱ ሊፈርስበት ይችላል።

፭ኛ፤ የጉዞው መጨረሻና ስልሳው ቀን

የመድኑ ዋስትና የሚጸናው በውሉ እስከ ተጻፈው መድረሻ ድረስ ነው። ውሉ «እስከ ጅቡቲ» የሚል እንደ ሆነ፣ ከጅቡቲ እስከ ጎንደር ያለው ረጅሙና አድካሚው መንገድ ያለ ዋስትና ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ «በጎንደር ከተማ እስከሚገኘው የገዢው መጋዘን ድረስ» ተብሎ በግልጥ ይጻፍ። ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ወይም ሊማሊሞን ወርዶ ወደሚያልፍ ቦታ የሚላክ ዕቃ ካለም፣ መድረሻው እዚያው መሆኑ ይጠቀስ።

ከዚህም የበለጠ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ከላይ በተጠቀሱት ውሎች መሠረት ዕቃው በመጨረሻው ወደብ ከመርከብ ከተራገፈ በኋላ 60 ቀን ሲሞላ፣ ወደ መድረሻው ባይደርስም እንኳ ዋስትናው ይቋረጣል። ወደብ ለሌለው አገር ነጋዴ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሰነዱ ዘግይቶ፣ የውጭ ምንዛሪው ወይም ቀረጡ ሳይከፈል ቀርቶ፣ መኪናም ጠፍቶ ዕቃው ጅቡቲ ላይ ሁለት ወር ቢያልፈው፣ በስልሳ አንደኛው ቀን የሚደርሰው እሳት ወይም ስርቆት በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃው የተራገፈበትን ቀን ከትራንዚተሩ ጠይቆ በመዝገቡ ይጻፍ፤ ቀኑ ሳይሞላም ወደ መድን ሰጪው ሄዶ ተጨማሪ ዐረቦን ከፍሎ ጊዜውን ያስረዝም።

፮ኛ፤ ጦርነትና የአሰብ ትምህርት

የጦርነት አደጋ በተለመደው ውል ውስጥ የለም። በተጨማሪ ዐረቦን የሚገባውም የጦርነት መድን ቢሆን የሚሠራው ዕቃው በባሕር ላይ በመርከብ ውስጥ ሳለ ብቻ ነው። ዕቃው ከመርከብ በወረደ ጊዜ፣ ወይም መርከቡ የመጨረሻው ወደብ ከደረሰ 15 ቀን በሞላ ጊዜ፣ ከሁለቱ በቀደመው ያበቃል። በየብስ ላይ በጦርነት የሚደርሰውን ጉዳት የመድን ገበያ በልማድ አልሸከምም ብሎ የተወው ነው።

ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገራችን ንግድ የሚበዛው በአሰብ በኩል ይተላለፍ ነበር። በዚያው ዓመት ከኤርትራ ጋራ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ በአሰብና በምጽዋ የነበረ ብዙ የኢትዮጵያውያን ዕቃ ከባለቤቶቹ እጅ ሳይገባ እዚያው ቀረ። ኢትዮጵያ ስለዚሁ ዕቃ ያቀረበችውን የካሣ ጥያቄ በሄግ የተሰየመው የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን ተመልክቶ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ሳይቀበለው ቀረ። እንግዲህ በወደብ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ፣ በባሕር ላይ ካለው ዕቃ ይልቅ ለጦርነት የተጋለጠና ዋስትናው የሳሳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ዕቃን በወደብ አለማቆየት ራሱ አንድ የመድን ዘዴ ነው።

በቅርቡም ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ በዚያ የሚያልፉ መርከቦች የጦርነት ዐረቦን እጅግ ከፍ ብሏል፤ ብዙ መርከቦችም በደቡብ አፍሪቃ ጫፍ ዞረው መሄድን መረጡ። ሩቢማር የተባለው ማዳበሪያ የጫነ መርከብ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመትቶ የካቲት 23 ቀን ሰጠመ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣም በመተማና በገላባት በኩል ወደ ፖርት ሱዳን በሚወስደው መስመር የሚነግዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥጋት ላይ ወደቁ። ከዚያው ዓመት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ መዘጋትና የጭነት መቋረጥ ምን እንደሚያስከትል የከተማችን ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ የየብስ ጭነት መድን የሚገባ ሰው፣ ውሉ ሁከትንና የታጠቀ ዘረፋን ይጨምር እንደ ሆነና እንዳልሆነ፣ ስለ ፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚሰጥ ተጨማሪ ዋስትና ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ መድን ሰጪውን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

፯ኛ፤ ዕቃውን በስንት ብር መድን ማስገባት ይገባል?

በዓለም ንግድ የተለመደው የዕቃው ዋጋ፣ የመድኑ ዐረቦንና የማጓጓዣው ኪራይ ከተደመሩ በኋላ ከመቶ 10 እጅ ጨምሮ ማስመዝገብ ነው። አሥሩ እጅ ለልዩ ልዩ ወጪና ለሚጠበቀው ትርፍ የታሰበ ነው። ለምሳሌ ሁሉም ተደምሮ 2,000,000 ብር የሆነ ዕቃ በ2,200,000 ብር ይመዘገባል።

አንዳንድ ሰው ዐረቦን ለመቀነስ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። የዚህንም ውጤት በቁጥር እንመልከተው። ዕቃው 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ በ1,200,000 ብር ብቻ ተመዘገበ እንበል። ይህ ማለት ባለቤቱ ከመቶ 60 እጁን ለመድን ሰጪው፣ 40 እጁን ደግሞ ለራሱ ተወ ማለት ነው። በመንገድ ላይ የ500,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ነጋዴው «የተመዘገበው ከጉዳቱ ስለሚበልጥ ሁሉም ይከፈለኛል» ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ግን የሚከፈለው ከመቶ 60 እጁ፣ ማለትም 300,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 200,000 ብር ከራሱ ኪስ ይወጣል። የብር ምንዛሪ በሚለዋወጥበት ጊዜ ደግሞ ሳይታሰብ በዚሁ ጉድለት ላይ መውደቅ ይቻላል፤ ውሉ በተፈረመበት ቀን ትክክል የነበረው ዋጋ ዕቃው በሚደርስበት ቀን አንሶ ይገኛል።

በሌላ በኩል አብዝቶ ማስመዝገብም አይጠቅምም። መድን ካሣ እንጂ ማትረፊያ አይደለም፤ መድን ሰጪው ጉዳቱን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይከፍልም። የተረፈው ዐረቦን በከንቱ የወጣ ነው።

፰ኛ፤ የጋራ ጉዳት መዋጮ

በባሕር ንግድ ውስጥ ካሉት ልማዶች ሁሉ እጅግ የቆየው፣ በውጭ ነጋዴዎች አነጋገር ጄኔራል አቬሬጅ የሚባለው የጋራ ጉዳት መዋጮ ነው። ሥሩ ከጥንታዊው የሮድስ ደሴት የባሕር ሕግ ይመዘዛል። መርከብ በማዕበል ተጨንቆ ካፒቴኑ ሌላውን ለማዳን የአንዱን ነጋዴ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጥል፣ የዳኑት ሁሉ አዋጥተው የተጣለበትን ይክሱታል። ይህም ሥርዓት በ1864 በዮርክ፣ በ1877 ደግሞ በአንትወርፕ ከተማ በተደረጉት ጉባኤዎች በደንብ ተጽፎ፣ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌም አለን። ኤቨር ጊቨን የተባለው ታላቅ መርከብ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ መጋቢት 20 ቀን ተላቀቀ፤ ነገር ግን ከተያዘበት ተለቆ ጉዞውን የቀጠለው ሰኔ 30 ቀን ነበር። የመርከቡ ባለቤት የጋራ ጉዳት መዋጮ ስላወጀ፣ 18,000 ያህል ኮንቴይነሮች ባለቤቶች ዕቃቸው ምንም ሳይነካ ዋስትና እንዲያቀርቡ ተጠየቁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መርከቡና በላዩ ያለው ዕቃ ሁሉ 500,000,000 ብር ቢገመት፣ ለጋራ ደኅንነት የወጣው ወጪና የተሠዋው ዕቃ 25,000,000 ብር ቢሆን፣ መዋጮው ከመቶ 5 እጅ ይሆናል። በዚያ መርከብ የ2,000,000 ብር ዕቃ ያለው የጎንደር ነጋዴ 100,000 ብር ይደርስበታል። መድን ያለው እንደ ሆነ መድን ሰጪው የዋስትና ደብዳቤ ጽፎ ዕቃውን ያስለቅቅለታል። መድን የሌለው ግን ጥሬ ገንዘብ ካላስያዘ ዕቃው አይለቀቅለትም። ይህን መዋጮ ሦስቱም የውል ዓይነቶች፣ ጠባቡ ሲ እንኳ ሳይቀር፣ ይሸፍኑታል።

፱ኛ፤ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ምን ይደረግ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የካሣ ጥያቄ የሚድነው ወይም የሚሞተው ዕቃው በሚረከብበት ሰዓት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሥርዓት ጠብቁ።

አንደኛ፤ ኮንቴይነሩ ሳይከፈት የእሽጉን ማኅተም ቁጥር ከሰነዱ ጋራ አስተያዩ። ማኅተሙ የተሰበረ ወይም ቁጥሩ የተለወጠ እንደ ሆነ ሳትከፍቱ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አስመዝግቡ።

ሁለተኛ፤ የመረከቢያ ደረሰኙን በባዶ አትፈርሙ። «በደኅና ተረክቤአለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው በኋላ ጎድሎ አገኘሁት ቢል በራሱ ላይ መስክሯል። ይልቁንም ያያችሁትን በቁጥር ጻፉ፤ «3 ጆንያ የረጠበ፣ 1 ሳጥን የተሰበረ፣ 2 ካርቶን የጎደለ» ብላችሁ ሾፌሩም እንዲፈርምበት አድርጉ።

ሦስተኛ፤ ለመድን ሰጪው ወዲያው በጽሑፍ አስታውቁ፤ መርማሪ እስኪመጣም ድረስ የተበላሸውን አትጣሉ፣ አትሽጡም።

አራተኛ፤ ጉዳቱ እንዳይብስ እንደ ራሳችሁ ዋስትና የሌለው ዕቃ አድርጋችሁ ተከላከሉ። የረጠበውን ከደረቁ ለዩ፤ ሸራ አልብሱ፤ የሚሰጣውን አስጡ። ጉዳትን ለመቀነስ በአግባቡ የወጣ ወጪ በመድኑ የሚተካ ሲሆን፣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን ካሣን ያስቀንሳል።

አምስተኛ፤ ለአጓጓዡም በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ። በ1924 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በብራስልስ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ውል፣ በዓይን የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፣ የማይታይ ጉዳት ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ እንዲነገር፣ ክስም በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመሠረት ያዛል፤ የአገራችንም የባሕር ሕግ የዚህኑ ውል መሠረተ ሐሳብ የተከተለ ነው። መድን ሰጪው ካሣውን ከከፈለ በኋላ በነጋዴው እግር ተተክቶ አጓጓዡን የመክሰስ መብት አለው፤ ሕጋችን ይህን ዳረጎት ይለዋል። ነጋዴው በቸልታ ጊዜውን አሳልፎ ይህን መብት ያበላሸ እንደ ሆነ፣ መድን ሰጪው በዚሁ ምክንያት ካሣውን ሊቀንስ ይችላል።

ስድስተኛ፤ ሰነዶቹን አሟልታችሁ አቅርቡ። እነርሱም የመድኑ ውል፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ወይም የመኪናው የጭነት ደረሰኝ፣ የዋጋው ኢንቮይስ፣ የእሽግ ዝርዝር፣ አስተያየት የተጻፈበት የመረከቢያ ደረሰኝ፣ የመርማሪው ሪፖርት፣ በመንገድ ለደረሰ አደጋ የፖሊስ ማስረጃ፣ ከአጓጓዡ ጋራ የተጻጻፋችሁት ደብዳቤና የጉዳቱ ሒሳብ ናቸው።

፲ኛ፤ ሳይቃጠል በቅጠል

መድን የጠፋውን ገንዘብ ይተካ ይሆናል፤ የጠፋውን ደንበኛና ያለፈውን ገበያ ግን አይተካም። ለበዓል የመጣ ልብስ ከበዓሉ በኋላ ካሣ ቢከፈልበት ባለሱቁ ግማሽ ዓመት ከስሯል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳቱ እንዳይደርስ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶች፤ ለጭነት ሥራ ሁለቱም ይሠራሉ። ሰሊጥና ጥራጥሬ የሚልክ ሰው አዲስና ጤነኛ ጆንያ ይጠቀም። ኮንቴይነሩን ከመሙላቱ በፊት በሩን ዘግቶ ከውስጥ ሆኖ ይመልከት፤ በጣራው ወይም በግድግዳው ብርሃን የገባ እንደ ሆነ ውሃም ይገባል። ከጅቡቲ ሙቀት ወጥቶ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር የሚሄድ ኮንቴይነር ከውስጥ ስለሚያልበው፣ እርጥበት መጣጭ ይሰቀልበት፤ ግድግዳውም በወፍራም ወረቀት ይልበስ። መኪና ሲጫን ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፤ በክረምት ሸራው ሁለት እጥፍ ይሁን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዕቃ የሚልክ ሰው የጭነቱን አስተሳሰርና የመኪናውን ፍሬን ሳያይ አያሰናብት። ዋጋው ብዙ የሆነውን ዕቃ ሁሉ በአንድ መኪና አለመጫንም ያለ ዐረቦን የሚገኝ መድን ነው።

ለማጠቃለል

የመድን ሰነድ በመሳቢያ የሚቆለፍ ወረቀት ሳይሆን እንደ ሚዛንና እንደ ሒሳብ መዝገብ በየቀኑ የሚሠራበት የንግድ መሣሪያ ነው። አንባቢያን ትምህርታቸውን እንዲፈትኑ ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች አቅርበናል፤ መልሳቸው በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል።

1. ሰሊጡን በኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ የሸጠ ነጋዴ ተሳቢው ሚሌ አጠገብ ቢገለበጥበት ኪሳራው የማን ነው?

2. አንድ ባለሱቅ በሲ ውል መድን የገባበት የመለዋወጫ ሳጥን ተሰርቆ ቢጎድልበት ካሣ ያገኛልን?

3. 800,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በ600,000 ብር ተመዝግቦ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው ስንት ነው?

4. ዕቃው ጅቡቲ ከተራገፈ 65 ቀን በሆነው ጊዜ መጋዘኑ ቢቃጠል፣ ነጋዴው አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባው ነበር?

ለእነዚህ ለአራቱ ያለማመንታት መልስ የሰጠ ነጋዴ፣ ዛሬውኑ የራሱን የመድን ውል ከመሳቢያው አውጥቶ መድረሻውን፣ የተመዘገበውን ዋጋና የውሉን ዓይነት ይመርምር። የጎደለውን ለማስተካከል ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው።